ለትንሽ ትራክተር ጋቢና፦ ከፋብሪካ የመጣው ይሻላል ወይስ በኋላ የሚገጠመው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ 5 ኤከር ቦታ ገዛሁ። መግቢያ መንገዱ ረጅም ነው፣ በረዶ የሚጠርግልኝ ሰው አጣሁ። ትንሽ ትራክተር ልገዛ ነው። ባለ ጋቢናውን ልውሰድ ወይስ ባዶውን ገዝቼ በኋላ ላስገጥም?» አለኝ። 5 ኤከር 2 ሄክታር ግድም ነው፣ በአገር ቤት ልክ 8 ጥማድ አካባቢ። በስልክ ጀምሬለት አላልቅ ሲል፣ ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁኝ ጻፍኩት።

ጋቢና ስል ታክሲ ላይ የምንሻማበትን የፊት ወንበር አይደለም። ትራክተር ላይ ሹፌሩን ዙሪያውን ዘግቶ ከበረዶና ከንፋስ የሚከልለውን ቤት ነው።

ጥቆማዬን መጀመሪያ ልንገርህ። ትራክተሩን ገና ካልገዛህ፣ ፋብሪካው ራሱ ጋቢና የገጠመለትን ግዛ። ባዶ ትራክተር ቀድሞ ካለህ ግን ለጋቢና ብለህ አትሽጠው፣ አስገጥምለት። ሰው የሚሳሳተው መሃል ላይ ነው። «አሁን ባዶውን በርካሽ ልያዝ፣ ጋቢናው በኋላ ይደርሳል» ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የኔ ትራክተር ኩቦታ ቢኤክስ ነው፣ ከትንንሾቹም ትንሹ። የመጀመሪያውን ዊንተር ያሳለፍኩት በጋቢና ሳይሆን በጋቢ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ከጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቤ ነበር። የበረዶ መንፊያው በረዶውን ሽቅብ ይተፋል፣ ንፋሱ ደግሞ ተቀብሎ ፊቴ ላይ ይመልሰዋል። መነጽሬ በረዶ ይጋግራል። የሚኒሶታን ብርድ ለማያውቅ፦ በ1996 ታወር በምትባል የሰሜን ከተማ 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ተመዝግቧል። እኛ ዘንድ እዚያ ባይደርስም፣ ከዜሮ በታች 25 ማለት በየዓመቱ የሚመጣ እንግዳ ነው።

በሁለተኛው ዓመት በኋላ የሚገጠም ጋቢና አዘዝኩ። የሠሪውን ስም አልጠራም። በሣጥን ተከፋፍሎ በእንጨት መደብ ላይ መጣ። መመሪያው አንድ ቀን ይበቃል ይላል። እኔና አንድ ወዳጄ ሦስት ቅዳሜ ፈጀንበት። ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉ፣ ቡሎኑን በመዶሻ እያባበልን አስገባን። የግራው በር እስከ ዛሬ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም።

ትልቁ ጥፋት ግን የራሴ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ማሞቂያውን ሳላዝ ቀረሁ። «ንፋስ ካልገባ ሞተሩ ራሱ ያሞቀኛል» አልኩ። አላሞቀኝም። ይልቅስ ትንፋሼና ከጫማዬ የሚቀልጠው በረዶ መስታወቱን አጨፈገገው። ከዚያ ከውስጥ በኩል በረዶ ሆነ። የዝናብ መጥረጊያው ያለው ውጭ፣ በረዶው ያለው ውስጥ! በሩን ከፍቼ አንገቴን አውጥቼ ነዳሁ። ጋቢና ገዝቶ ከጋቢና ውጭ መንዳት ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ የዋጋ ወረቀት ስትቀበል የጋቢናውን ዋጋ ብቻ አትይ። በኋላ የሚገጠመው ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚጠራው። ማሞቂያው፣ የኋላ መስታወት መጥረጊያው፣ የሥራ መብራቱ፣ መስታወቶቹ፣ ማጓጓዣው፣ ገጣሚው ሁሉም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ሁሉንም ደምረህ ከፋብሪካው ጋቢና የዋጋ ልዩነት ጋር አስተያየው። እኔ በመጨረሻ ስደምር «ርካሹ» ርካሽ አልነበረም።

ማሞቂያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ እዚህ ነው ያለው። ጥሩው ማሞቂያ እንደ መኪና የሞተሩን የፈላ ውሃ በቱቦ ስቦ በማራገቢያ የሚነፋው ነው። ለመገጠም የራዲያተር ቱቦ ይቆረጣል፣ በማጥበቂያ ብረት ይታሰራል፣ ውሃው ይሞላል። አንዳንዱ ሻጭ «በባትሪ የሚሠራ ማሞቂያ አለን» ይልሃል። አትግባበት። 300 ዋት በ12 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። የትንሽ ትራክተር ዲናሞ መብራቱን፣ መጥረጊያውንና ባትሪውን ተሸክሞ ይህን መጨመር ይከብደዋል። ሙቀቱም ቢሆን እጅ ማሞቂያ ነው እንጂ ክፍል አያሞቅም።

ሦስተኛ መንገድ የያዙም አሉ። የጭነት መኪና ሹፌሮች የሚጠቀሙበትን፣ ከቻይና የሚመጣውን የናፍጣ ማሞቂያ ይገጥማሉ። ይሞቃል፣ ያውም በደንብ። ግን የጭሱ ቱቦ ከጋቢናው ውጭ መውጣቱን፣ አየር የሚስብበትም አፍ ከጭሱ መራቁን አረጋግጥ። በተዘጋ ትንሽ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ እኛ አበሾች ማንንም አንጠይቅም። ካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ግዛ፣ ውድ አይደለም።

የፋብሪካውን ስንመለከት፣ ከታወቁት መሃል ላነሳልህ። 25 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ከፈለግህ ከኩቦታ ኤልኤክስ እና ከኪዮቲ ሲኬ ተከታታዮች ትንንሾቹ ባለ ጋቢና ሆነው ይመጣሉ። ከፍ ካልክ ኩቦታ ግራንድ ኤል እና የጆን ዲር 3አር ተከታታዮች አሉ። እነዚህ ላይ ጋቢናው ከትራክተሩ ጋር አብሮ የተነደፈ ነው። ወለሉ ከሻሲው በጎማ ተለይቶ ይቀመጣል። ማሞቂያና ኤሲ አለው። ሽቦው የተዘረጋው ፋብሪካ ነው። የሎደሩ (የፊቱ ማንሻ አካፋ) ዘንግ፣ መሪው፣ በሩ አይጋጩም። ቢበላሽም ዋስትናው የአንድ ሰው ነው። በኋላ የሚገጠመው ላይ ዲለሩ «ይህ የጋቢናው ሠሪ ጉዳይ ነው» ይላል፣ ሠሪው ደግሞ «ገጣሚው ነው» ይላል። አንተ መሃል ላይ።

ስለ ጉልበት አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። በአሜሪካ ሕግ ከ19 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 25 የፈረስ ጉልበት ግድም በታች ያለ ናፍጣ ሞተር የጭስ ማጣሪያው ዲፒኤፍ እንዲኖረው አያስገድድም። ብዙዎቹ ትንንሾች 24 ነጥብ ምናምን ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ለበረዶና ለሣር ያ ይበቃሃል። ግን ኤሲ ሲበራ ከዚያችው ጉልበት ላይ ይቀነሳል፣ ዳገት ላይ ሣር ስታጭድ ይሰማሃል።

አሁን ድምፅ። ብዙ ሰው «ጋቢና ከገባሁ ጸጥታ ነው» ብሎ ያስባል። በፋብሪካው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በኋላ የሚገጠመው ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮው ከበሮ ነው፣ የሞተሩን ንዝረት ተቀብሎ ጆሮህ ላይ ይመታዋል። የኔ ከተገጠመ በኋላ ከባዶው ይብሳል። ወለሉን የጎማ ምንጣፍ፣ ጣሪያውን ስፖንጅ አልብሼው ትንሽ ረገበ። የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ ለ8 ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። የጆሮ መከላከያዬን ሳላደርግ አልወጣም።

እንግዲህ ባዶ ትራክተር ላላችሁ። ቢኤክስ፣ ኤል 2501፣ ጆን ዲር 1025አር የመሳሰሉት ላይ በኋላ የሚገጠም ጋቢና የሚሠሩ አሉ። ከማሳቹሴትስ ከርቲስ፣ ከኩቤክ ሎረን የታወቁ ናቸው። የብረትና የመስታወት ናቸው። ከኢንዲያና ኦሪጂናል ትራክተር ካብ የሚባለው ደግሞ በሸራና በለስላሳ ጎን ይታወቃል።

ሸራውን አትናቁት። ሰው ሲያየው የባጃጅ መጋረጃ ይመስለዋል። ግን በዓመት አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ወጥቶ ለአንድ ሰዓት በረዶ ለሚጠርግ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ንፋሱን ይቆርጥልሃል፣ ከሞተሩ የሚመጣውም ሙቀት ትንሽ ይጠለልበታል። ቀላል ነው፣ ሚያዝያ ላይ አውልቀህ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለህ። ኮሎራዶ ያለ ወዳጄ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ዚፑን አንድ ጊዜ ከማሰፋቱ በቀር ምንም አላደረገም። ብርጭቆ የመሰለው ፕላስቲክ ግን በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ በደረቅ ጨርቅ ሲወለወልም ይቧጠጣል። እኔ አሁን ያለኝን ባላስገጥም ኖሮ እሱን ነበር የምገዛው።

አንድ ነገር ግን ሳላስጠነቅቅ አልሄድም፣ የመገልበጥ መከላከያው ብረት። ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ያ ቀስት ለጌጥ አይደለም። ትራክተሩ ቢገለበጥ ከቀበቶው ጋር ሕይወትህን የሚያተርፈው እሱ ነው። ጋቢና ለማሰር ብሎ እሱን የሚበሳ ወይም ብየዳ የሚያደርግበት ገጣሚ ካየህ ሰላምታ ሰጥተህ ውጣ። ብረቱ የተፈተነው እንደነበረ ሆኖ ነው፣ ከተበሳ በኋላ ማንም ስለ እሱ አይመሰክርልህም። አንዳንዱ ጋቢና ያንን ብረት ትቶ በራሱ ይተካዋል። ያኔ ተተኪው የተፈተነና የምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን በጽሑፍ ጠይቅ። ቆርቆሮና መስታወት ብቻውን ከመገልበጥ አያድንም። ጭራሽ የብረቱ ጋቢና ክብደቱን ሽቅብ ስለሚያወጣው ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ይበልጥ ይወላገዳል። የኋላ ጎማ ላይ ክብደት ጨምር፣ ሎደሩን ዝቅ አድርገህ ንዳ።

ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር የጋራዥ በር ነው። የተለመደው የአሜሪካ ቤት ጋራዥ በር 7 ጫማ ነው፣ 2 ሜትር ከ13። ባዶው ትራክተር መከላከያ ብረቱን አጥፎ ያልፋል። ጋቢና ግን አይታጠፍም። እኔ የማውቀው አንድ ሰው ትራክተሩን ደጅ አቁሞ ሸራ አልብሶት ይኖራል። በረዶ የሚጠርገው ትራክተር ራሱ በረዶ ይጠረግለታል።

የመስታወት ነገር ሲነሳ ግን በኋላ የሚገጠመው ይረታል። ጫካ የምትገባ ከሆነ ቅርንጫፍ አንድ ቀን መስታወት መስበሩ አይቀርም። የፋብሪካው በር ጠምዘዝ ያለ መስታወት ነው፣ ከዲለሩ ብቻ ነው የምታገኘው፣ ዋጋው ያስደነግጣል። በኋላ የሚገጠመው አብዛኛው ጠፍጣፋ ነው። ልኩን ይዘህ መስታወት ቤት ብትሄድ ሲሰበር የማይቆራርጠውን የደህንነት መስታወት በልኩ ያዘጋጁልሃል።

ከኋላ መቆፈሪያ ያለው ለምሳሌ ቢኤክስ 23ኤስ ካለህ ደግሞ ከማዘዝህ በፊት ጠይቅ። ለመቆፈር ወንበሩን ወደ ኋላ ማዞር አለብህ፣ ጋቢናው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ በየጊዜው የኋላውን ሳንቃ ማውለቅ ሊኖርብህ ነው። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ካወለቀው በኋላ ጨርሶ ሳይመልሰው ቀረ።

ያገለገለ የምትፈልጉ፦ በኋላ ጋቢና የተገጠመለት ያገለገለ ትራክተር ስታዩ ቀለሙን ተዉት። ወለሉን አንሥታችሁ ዝገቱን እዩ። የሽቦውን አያያዝ እዩ፣ በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ ካለ የሠራው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ማሞቂያውን አስነሥታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ወለሉ ላይ ጣፋጭ የሚሸት እርጥበት ካለ የራዲያተር ውሃው ያፈሳል።

አንዲት እህት ደግሞ «ወደ አገር ቤት ልላከው ብል የቱ ይሻላል?» ብላኛለች። የአርሲና የባሌ አቧራ ላይ ኤሲ ያለው ጋቢና ሕልም ነው፣ አልክድም። ግን የኤሲው ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን፣ ጠምዘዝ ያለው መስታወት ሲሰበር መለዋወጫው ከየት ይመጣል? እኔ ብሆን ባዶ ትራክተር ከጥሩ ጥላ ጋር እልካለሁ። ጥላውን እዚያው ብየዳ ቤት ይሠሩታል፣ መከላከያ ብረቱን ግን እንዳይነኩት ንገሪያቸው።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። እስካሁን ከነገርከኝ፣ ኤልኤክስ ወይም ሲኬ ባለ ጋቢናውን ሁለቱንም ሄደህ ንዳ፣ ዲለሩ ለቤትህ የሚቀርበውን ውሰድ። በጥር ወር ሌሊት ሲበላሽ ልዩነቱን የሚያመጣው ርቀቱ ነው። ከመክፈልህ በፊት ግን የጋራዥ በርህን ለክተህ ላክልኝ። ቅዳሜ ደግሞ ብቅ በልና የኔው ላይ ትቀመጣለህ። የግራውን በር በትከሻህ ግፋው፣ ሞተሩን አስነሣና ከውስጥ ደውልልኝ። እኔ ቤት ቡና እያፈላሁ አነሳዋለሁ። በዚያ ጫጫታ መሃል የምልህን መስማት ከቻልክ፣ ያኔ በኋላ የሚገጠመውን ግዛ።