ዮጋ ስሠራ ቀልቤ አልሰበሰብ አለ፤ ምን ይሻለኛል?

የኮዬው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሜክሲኮ ውዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስገባ ጭንቅላቴ ይዞራል። ዮጋ ቀልብ ይሰበስባል ሲሉኝ ከዩቲዩብ እያየሁ ጀመርኩ። እግሬን አጣጥፌ ስቀመጥ ግን ጉልበቴን ይነዝረኛል። ሐሳቤም የቤት ኪራይ ጋ ይሄዳል። ማዘር ደግሞ «ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው» ብላ ተቆጥታለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ባለ ጂሙ፦
ወንድሜ፣ ጠዋት ተነስተህ ሩጥ! አስፋልቱ በነጻ ነው።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሩጫውም ጥሩ ነው፤ ልጁ የጠየቀው ግን ሌላ ነው። ጉልበትህን አታስገድደው። ጋቢ ደርበህ አጥፈህ መቀመጫህ ሥር አድርግ። ዳሌህ ከጉልበትህ ከፍ ሲል ወገብህ ራሱ ቀጥ ይላል። ካልሆነ ዱካ ላይ ተቀመጥ፣ ማንም አይከስህም። ስለ ዮጋ የጻፈው ፓታንጃሊ የሚባል የጥንት ሕንዳዊ እንኳ ስለ አቀማመጥ ያለው «የጸናና የሚመች ይሁን» ነው። ከዘረዘራቸው ስምንት የዮጋ ክፍሎች አቀማመጥ ሦስተኛው ነው። ከሱ በፊት አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ አሉ። ከሱ ቀጥሎ ትንፋሽ ይመጣል። ዩቲዩብ ላይ እግራቸውን አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ይሄን የት ይነግሩሃል!

በአፍንጫህ ተንፍስ፤ ስታወጣ ረዘም አድርገው። ሐሳብህ ኪራይ ጋ ሲሄድ አትሟገተው። ዝም ብለህ ወደ ትንፋሽህ ተመለስ። ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ትመለሳለህ። ሥራው መመለሱ ነው። በኔ መስኮት ሥር ረዳቱ ከንጋት ጀምሮ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል። ዝምታ እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን አልጀመርኩም።

የኮዬው ልጅ፦
ተባረኪ እህቴ። ማዘርንስ ምን ልበላት?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
እውነቱን ንገራቸው። ሥሩ ከሕንድ ሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው፤ አይደለም ብትላቸው ውሸት ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ለጤና ብሎ ነው የሚሠራው። ተመድም በ2007 ዓ.ም. ሰኔ 14ን የዮጋ ቀን ብሎ የወሰነው ጤናን አስቦ ነው። ዮጋ ሲሠሩ የሚያዜሙትን «ኦም» ማለት ከከበደህ ተወው፣ ትንፋሹ ብቻውን ይበቃል። አሁንም ቅር ካላቸው የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ እኔ በዚህ አልገባም።

ደግሞ እራት በልተህ አትጀምር። ሽሮ በሆድ ይዞ ማጎንበስ አበሳ ነው።