ከእናቴ ጋር ወደ ሐይቅ

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ከደሴ ወደ ሐይቅ ልንሄድ ነው። የእስጢፋኖስን ገዳም እንገባለን? ከዓሣው ሌላስ ምን አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገዳሙ ሴት አያስገባም። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጠዋት ውጡ።

መልስ፦ እኔ ያደግሁት እዚያው ነው፤ «ከዓሣው ሌላ» ሲባል ያንገበግበኛል! በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ እኮ ነው። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። እናትሽን ነፋስ ሳይነሣ በጀልባ አሳፍሪያቸው፤ በደንገሉ ጥግ ቀስ እያላችሁ ስትቀዝፉ ዛፍ የከበበው ገዳም ፊት ለፊት ይታያችኋል። እዚያው ሆነው ይሳለሙታል። ዓሣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ትኩሱን፣ በሚጥሚጣ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እናቴ ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባለች።