ኢንተርሴክሽናሊቲን በሴፍቲኔት ፕሮጀክት ዲዛይን ውስጥ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት ጋር የተያያዘ የኑሮ ማሻሻያ ፕሮጀክት እየቀረጽን ነው። መረጃችን ሴት፣ ወጣት፣ አካል ጉዳተኛ እያለ ለየብቻ ይቆጥራል። ለጋሹ ደግሞ ኢንተርሴክሽናሊቲ፣ ማለትም በአንድ ሰው ላይ የሚደራረብ ተጋላጭነት፣ ይታይ ይላል። በተግባር ምን ይደረጋል?

መልስ 1፦ ችግሩ እዚያው ቆጠራው ላይ ነው። ማየት የተሳናት እማወራ በሁለት ዓምድ ተቆጥራ በአንዱም አትታይም። “አካል ጉዳተኛ አለ?” ብላችሁ አባወራውን አትጠይቁ፤ ብዙ ሰው ይደብቃል። የአካል ጉዳት መረጃ አሰባሰብ ላይ በሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ በዋሽንግተን ግሩፕ፣ 6 ጥያቄዎች (ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት) እያንዳንዱን አባል ጠይቁ። ቢያንስ በአንዱ “በጣም ይከብደኛል” ወይም “ጨርሶ አልችልም” ያለ ይመዘገባል። ከዚያ ከጾታ፣ ከዕድሜና ከቤተሰብ ኃላፊነት ጋር አጣምሩት። በሰንጠረዡ አንድ ሳጥን ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ብቻ ከቀረ መቶኛ አታውጡ፣ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው።

መልስ 2፦ ሰንጠረዥ ብቻውን ዲዛይን አይለውጥም። እያንዳንዱን ደንብ በአንድ ሰው ላይ ሞክሩት። ለምሳሌ ነፍሰ ጡር ለሴፍቲኔት ክፍያ ከሚሠራው የማኅበረሰብ ሥራ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ (ሳትሠራ ወደምታገኘው ክፍያ) ትዛወራለች፤ ጥሩ ደንብ ነው። ግን ማስረጃ የሚሰጠው ጤና ተቋም ሩቅ ከሆነና መራመድ የሚከብዳት ከሆነች እፎይታው ዘግይቶ ይደርሳታል። ስለዚህ ለአጃቢ መጓጓዣ፣ ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና ለሕፃናት ማቆያ ከመጀመሪያው የበጀት መስመር ይያዝ። “እንደ አስፈላጊነቱ” የተባለ ወጪ አይወጣም!

መልስ 3፦ በመልስ 2 እስማማለሁ። ብቻ ሁሉንም ማንነት አትደርድሩ። ከአገልግሎቱ የሚያስቀሩትን ሁለት ሦስት ጥምረቶች ምረጡ። የግል መረጃውም በቀበሌ ስብሰባ ፊት አይነበብ።