ከመተማ የሚመጣው ትኩሳት፦ የቫይረስ ዘረመል ማንበብ ምን ይጠቅመናል?

ጥያቄ (የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ጎንደር)፦
ከመተማ ቆላ የእርሻ ሥራ ውለው ወደ ጎንደር የሚመለሱ ሠራተኞች ትኩሳት ይዟቸው ወባ ሳይገኝባቸው ሲቀር፣ የሕመሙ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። በትንኝ የሚተላለፈው የዴንጊ ቫይረስ መሆኑ በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ መኖሩን በሚያሳይ ምርመራ) ቢረጋገጥ እንኳ፣ የቫይረሱን ሙሉ ዘረመል ማንበብ ምን ይጨምርልናል?

መልስ 1፦
ጤና ይስጥልኝ። ፒሲአር ቫይረሱ መኖሩን ይነግርዎታል እንጂ የመጣበትን መንገድ አያሳይዎትም። የዴንጊ ዘረመል 10,700 ያህል ኬሚካላዊ ፊደላት ያሉት አርኤንኤ (የዘር መረጃ የሚይዝ ሞለኪውል) ሲሆን፣ በተባዛ ቁጥር ጥቃቅን ለውጦችን እያጠራቀመ ስለሚሄድ፣ የሁለት ሕሙማን ቫይረሶች የሚጋሩት ለውጥ በበዛ መጠን የዝምድናቸው ቅርበት ይታወቃል። ናሙናው የተወሰደበት ቀን ሲታከልበት ደግሞ ሥርጭቱ መቼ ገደማ እንደጀመረ መገመት ይቻላል። እንደ ዴንጊ በትንኝ የሚተላለፈው የዚካ ቫይረስ በብራዚል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ከመታወቁ በፊት ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ሲሰራጭ እንደነበር የተደረሰበት በዚሁ መንገድ ነው፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

መልስ 2፦
ዋናው ነገር ናሙናው ነው። ደሙ ትኩሳቱ በጀመረ በአምስት ቀናት ውስጥ ካልተቀዳ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ይመናመናል፤ አርኤንኤውም ቅዝቃዜው ሳይጠበቅ ከመተማ እስከ ጎንደር ከተጓዘ ይበላሻል።

መልስ 3፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ሆኖም ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን፣ ዘረመሉ የተነበበ ናሙና ከሌለ፣ ቫይረሱ ከየት ወደ የት እንደተሻገረ የምንሰጠው ድምዳሜ ሊያሳስተን ይችላል። ስለዚህ እባክዎ ሕመምተኛው ባለፉት ሁለት ሳምንታት የቆየባቸውን ቦታዎች በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ያስመዝግቡ።