የቪትዜ ክላክስ ጠፋ፣ አንዱ ቀይሪው ሌላው በተን ልሰር ይላል

ባለቪትዟ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ቪትዜ 2003 ሞዴል ናት ክላክሷ ጭጭ ብላለች። መጀመሪያ ላይ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ ትጮህና ቀጥ ሳደርገው ዝም ትል ነበር፣ አሁን ጭራሽ የለችም። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ስወርድ ሰዉ ስልኩን እያየ ዘው ይላል እኔ ፍሬን ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ኤሌትሪሺያን አየና "ክላክሱ ሞቷል አዲስ ግዢ" አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ በተን አስርልሻለሁ እሱን እየተጫንሽ ትነፊያለሽ ይላል። ቦሎም ደርሶብኛል። ሶማሌ ተራ ገብቼ ብሬን ሳልበትን ከየት ልጀምር?

የተክልዬ ልጅ፦
እህቴ ምንም እንዳትገዢ ቆይ። ክላክስ በቀላሉ አይሞትም፣ ሞተ የሚሉሽ ሳይፈትሹ ነው። ኮፈኑን ክፈቺና አንድ ሰው መሪው ላይ ሲጫን አንቺ ፊውዝ ቦክሱ ጋ ጆሮሽን አስጠጊ፣ ሪሌው (ከመሪው ትእዛዝ ተቀብሎ ለክላክሱ ኤሌትሪክ የሚለቀው ትንሽ ሳጥን) ቀጭ ካለ ከመሪ የሚመጣው ትእዛዝ ደህና ነው ችግሩ ከሪሌው ወደ ክላክሱ ባለው መስመር ወይ ራሱ ክላክሱ ላይ ነው። ቀጭ ካላለ ደግሞ ፊውዙን እይ፣ ክዳኑ ላይ የቱ እንደሆነ ተጽፏል ብዙ ቶዮታ ላይ 10 አምፔር ነው። ተቃጥሎ ካገኘሽው በራሱ ቁጥር ቀይሪ፣ እንደኛ ሰፈር ልጆች በሽቦ እንዳታሳስሪው መኪናው ይቃጠላል። ክላክሱን ለመፈተን ሶኬቱን ነቅለሽ በሁለት ገመድ ከባትሪው ቀጥታ ማገናኘት ነው፣ ከጮኸ በቃ እሱ ጤነኛ ነው። ፊት ለፊት ከፓራውልቱ ኋላ ስላለ ላቫጆ ላይ በፕሬሸር ሲመቱት ውሃ ገብቶ ሶኬቱን የሚያዝገው ብዙ ነው እሱንም እግረ መንገድሽን እይው

ባለ ዲኤክስ፦
ኧረ ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ፣ በተኑን አሳስሪ ተገላገይ። የኔ ዲኤክስ ስንት አመቷ በበተን ነው የምትነፋው። ድሮ እኮ መሪው ስር ያለችውን የመዳብ ቀለበት በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ማድረግ ነበር፣ አለቀ

ባለቪትዟ፦
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ፊውዙ ደህና ነው። ሪሌውም አጠገቡ ካለው ተመሳሳዩ ጋር ተቀያይሮ ታየ ግን ቀጭ የሚል ነገር የለም። ክላክሱ ከባትሪ ቀጥታ ሲገናኝ ግን ሰፈሩን አስነሳው ሃሃሃ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እና አንድ ነገር ረስቼ፣ የኤርባግ መብራቱም በርቶ ቀርቷል። ኤሌትሪሺያኑ "እሱ ከክላክሱ ጋር አይገናኝም" ነው ያለኝ

ጋራዥ ያደገ፦
እንዴት አይገናኝም! ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን ኖሮ ባላደከሙሽ። መሪውን ስጠመዝዝ ትጮሃለች ያልሽው ራሱ በቂ ነበር። ከመሪው ስር እንደ ሰዓት ስፕሪንግ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ገመድ አለ፣ ስፓይራል ኬብል ይሉታል፣ መሪው ሲዞር ይጠቀለላል ሲመለስ ይፈታል። የክላክሱም የሾፌሩ ኤርባግም መስመር በዛው ነው የሚያልፈው። ቆይቶ ሲሰነጠቅ በአንድ በኩል ይነካካል በሌላ በኩል ይለቃል ከዛ ጭራሽ ይበጠሳል፣ ያንቺ ልክ እሱን ይመስላል። ባለ ዲኤክስ ላንተ መኪና ያልከው ልክ ነው ኤርባግ የላትማ፣ እሷ በተን ብታሳስር ግን ክላክሱ ይጮሃል ኤርባጉ ግን እንደጠፋ ነው፣ የማይከፈት ኤርባግ ይዛ ነው የምትሄደው።
ግን አንድ ጥያቄ፣ መኪናሽ ሲሰራ ጀምሮ በግራ መሪ የሆነ ያሪስ ነው ወይስ እውነተኛ ቪትዝ? ቪትዝ የጃፓን ስለሆነ በቀኝ መሪ ነው የሚሰራው፣ እዚህ ያለው መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ የመጣ ነው። ያንቺም እንደዛ ከሆነ ሲገለብጡ ገመዱን ቀጥለው በፕላስተር የጠቀለሉበት ቦታ ይኖራል፣ ስፓይራሉን ከመግዛትሽ በፊት ያንን መገጣጠሚያ አስፈትሺ፣ አንዳንዴ እዛው ላልቶ ነው የሚገኘው

ባለቪትዟ፦
የተገለበጠች ናት። እሺ ስፓይራሉ ከሆነስ ያገለገለ ብገዛ ችግር አለው?

ጋራዥ ያደገ፦
ያገለገለም ይሰራል ዋናው የሶኬቱ ፒን ብዛት ከድሮው ጋር አንድ መሆኑ ነው፣ የድሮውን አስፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ በቃል እንዳትገዢ። ሲፈታ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀልና ከ90 ሰከንድ በላይ ይጠበቃል ከዛ ነው መሪው የሚነካው፣ ቢጫ ሶኬቶቹ የኤርባግ ናቸው በቴስተር እየወጉ የሚፈትኑ ልጆች ካየሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ። ሲገጠም ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ስፓይራሉ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ዞሮ ስንት እንደሚሄድ ይቆጠርና መሃሉ ላይ ይመለሳል። ይሄን ዘለው በዘፈቀደ ከገጠሙት መጀመሪያ ዩተርን የምታዞሪበት ቦታ ላይ ነው አዲሱም የሚበጠሰው፣ ስለዚህ ሲገጥሙት ቆመሽ እይ