ፉርካድ ስንት ወርቅ አለው? 5 ወይስ 6?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ከበረዶ አገር ነው። ባያትሎን ታውቃላችሁ? በስኪ እየሮጡ፣ ቆም ብለው በጠመንጃ ኢላማ የሚመቱበት። ፈረንሳዊው ማርቲን ፉርካድ በ2020 ጡረታ ሲወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) 5 የኦሎምፒክ ወርቅ ነበረው። በ2010 ቫንኩቨር ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የጅምላ ውድድር ግን ብር ነበር ያገኘው። ቀድሞት የገባው ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ኡስቲዩጎቭ በዶፒንግ ተቀጣ፣ ሲከራከር ኖረ፣ ተረታ። በ2025 ወርቁ ለፉርካድ ሆነ። ይህን ወርቅ ከሌሎቹ እኩል እንቁጠረው?

ሸርተቴ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ሌባ ተያዘ፣ ዕቃው ለባለቤቱ ተመለሰ። 6 ነው።

ጠርጣሪው፦ ቀስ በል ወንድሜ። ኡስቲዩጎቭ ሜዳሊያውን የተቀማው በደም ፓስፖርት ነው። የሄሞግሎቢኑ መጠን በየዓመቱ ሲመዘገብ ቆይቶ «ይሄ ጤነኛ አይደለም» ተባለ። ልጁ ደግሞ በዘር የመጣ ነው ብሎ ተከራከረ።

ሸርተቴ፦ ተከራከረ፣ አላመኑትም። ከጃንዋሪ 2010 እስከ 2014 ያገኘውን ውጤት በሙሉ ሰረዙበት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

የሊዮኗ፦ እዚህ ፈረንሳይ ክረምት ሲገባ ቅዳሜና እሁድ የቤቱ ቴሌቪዥን የባያትሎን ነው፣ ባሌን ማስነሳት አይቻልም። እኔም ለመድኩት። እና አንድ ነገር ልበል። ፉርካድ ያኔ 21 ዓመቱ ነው፣ ገና አንድም የዓለም ዋንጫ (በየክረምቱ የሚካሄደው ተከታታይ ውድድር) አላሸነፈም። የመጀመሪያውን ያሸነፈው ከኦሎምፒኩ በኋላ ነው፣ በዚያው ማርች፣ ፊንላንድ ኮንቲዮላህቲ ላይ። ከ10 ዓመት በኋላ የመጨረሻ ውድድሩንም እዚያው አሸንፎ ወጣ። ታዲያ ያ ልጅ በ21 ዓመቱ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ተብሎ ቢሆን ኖሮ? ያንን ማን ይመልስለታል?

ጠርጣሪው፦ እኔም እኮ የምለው እሱን ነው! አልተመለሰም። ወረቀቱ ነው የመጣው። የፉርካድን ሙያ ካነሳችሁ 7 ዓመት በተከታታይ የዓለም ዋንጫ አጠቃላይ አሸናፊነቱን አንሱ። አሸናፊው በመጨረሻው መስመር ፎቶ የተለየባቸውን ሁለቱን ውድድሮች አንሱ። ሶቺ 2014 ላይ ከኖርዌዩ ስቬንድሰን ጋር እኩል መስመሩን ነክተው በፎቶ ተሸነፈ። በ2018 ፒዮንግቻንግ ከጀርመኑ ሼምፕ ጋር ደግሞ እኩል ገቡ። ፉርካድ የተሸነፈ መስሎት ዱላውን መሬት ላይ ሲያላትም አላያችሁም? ፎቶው ሲታይ እሱ ነበር አንደኛ። እነዚህን ሮጦ ነው ያመጣቸው፣ የገጠመው ሰው ጎኑ ነበር።

ሸርተቴ፦ ቫንኩቨርንስ ተኝቶ ነው ያመጣው? ደግሞ ፉርካድ ዶፒንግ ላይ ዝም ያለ ሰው አይደለም። በ2017 ኦስትሪያ ሆክፊልዘን ላይ በሩሲያዎቹ ተበሳጭቶ የሽልማት መድረኩን ትቶ ወርዷል።

ጠርጣሪው፦ እሱን እንኳ ባታነሳው። ያኔ የተነጣጠረበት ሩሲያዊው ሎጊኖቭ የዶፒንግ ቅጣቱን ጨርሶ የተመለሰ ልጅ ነበር። የተቀጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ይሰደብ?

የሊዮኗ፦ እሱ ሌላ ክርክር ነው፣ አታምታታው። እስቲ ወደ ቤታችን እንምጣ። ሶፊያ አሰፋ በ2012 ለንደን ላይ በ3,000 ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣችው ሩሲያዊት በዶፒንግ ተሰረዘች፣ ሶፊያ ወደ ብር ከፍ አለች። ለእሷም «ወረቀት ነው» ትላታለህ?

ጠርጣሪው፦ ...

ሸርተቴ፦ ተያዘ!

ጠርጣሪው፦ አልተያዝኩም። ብሩ የሶፊያ ነው፣ ሐቋ ነው። እኔ ግን ለንደን ላይ ነሐስ አጥልቃ ነው ያየኋት። ያን ቀን ብር አጥልቃለች በል ብትይኝ አልልም።

የሊዮኗ፦ ማንም እንዲህ በል አላለህም። ቁጠር ነው ያልንህ።

ጠርጣሪው፦ እሺ፣ 6 ብዬ እቆጥራለሁ። አንዱን በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

አወያይ፦ በዚያ ውድድር አራተኛ የወጣው ኦስትሪያዊው ሱማንስ? እሱም ነሐስ ደርሶታል እኮ። ያን ቀን መድረኩን የረገጠ ሰው አይደለም።

ሸርተቴ፦ እሱማ በምን ልትጽፈው ነው ጠርጣሪው? በኖራ?