የበልግ ቲማቲም፦ ድጋፉ ለላስቲክ ቤት ይዋል ወይስ ለውሃ?

አወያይ
በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ተደራጅተው አትክልት ለሚያመርቱ ሰዎች ድጋፍ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሳው ላስቲክ ቤት ነው። በልጉ ግን አይታመንም። አንድ ሳምንት ዘንቦ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ሲመለስ በረዶ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለላስቲክ ቤት ይዋል ወይስ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለችግኝ? እባካችሁ ልክና መጠን እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ።

የለገጣፎ ላስቲክ ቤት
እኔ ላስቲክ ቤት እላለሁ። ቲማቲም ቀን ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ይወዳል። ሌሊት ከ13 ሲወርድ የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ ከ10 በታች ከሆነ ደግሞ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። የመጋቢትና የሚያዝያ ሌሊት እዚህ አካባቢ ብዙውን ጊዜ በ10 እና በ12 መካከል ያድራል፤ ማለትም ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ ነን። በረዶው ሲጨመርበት አስቡት። የሩብ ሰዓት በረዶ የአንድ ወር እድገት ያወርዳል፤ ግንዱ ላይ የሚተወው ቁስልም የበሽታ መግቢያ ነው።

6 በ10 ሜትር የሆነ ቤት ከባሕር ዛፍ ይሠራል። ቋሚው በየ2 ሜትሩ፣ መካከሉ 3 ሜትር፣ ጎኑ 2 ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ላስቲኩ 200 ማይክሮን የሆነና ፀሐይ እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ አንድ በጋ ሳይጨርስ ይሰነጣጠቃል። 150 ችግኝ ይይዛል። ከውጭ ይህን የሚያህል ዋስትና የሚሰጥ ነገር የለም።

የአቃቂ ዋልካ
ወንድሜ፣ ስለ አበባው ያልከው ልክ ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ማሞቂያ የሌለው ላስቲክ ቤት ሌሊት የሚጨምረው ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱ ላስቲኩን አልፎ ስለሚወጣ ውስጡም ውጭውም እኩል ሆኖ ሊያድር ይችላል። እንግዲህ ከ11 ወደ 12 ወይም 13 ለማድረስ ነው ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው።

ዋናው ጉዳይ ግን ውሃ ነው። ላስቲክ ቤት ውስጥ ዝናብ አይገባም። በልጉ በደንብ እየዘነበ እንኳ እያንዳንዱን ጠብታ በእጅህ ማቅረብ አለብህ። 150 ተክል ፍሬ በሚያፈራበት ጊዜ በቀን ለእያንዳንዱ 1 ሊትር ተኩል ስጠው፤ 225 ሊትር ነው፣ ከ11 ጀሪካን በላይ። ዝናቡ ለሦስት ሳምንት ሲቋረጥ 4,725 ሊትር ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከየት ይመጣል? ውሃ የሌለው ላስቲክ ቤት ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ አልፎ ተክሉን ቆሞ ያደርቀዋል።

የለገጣፎ ላስቲክ ቤት
ውሃውን ከራሱ ከቤቱ አገኘዋለሁ። የላስቲኩ ጣሪያ 60 ካሬ ነው፤ ጠርዙ ላይ አሸንዳ ከተገጠመለት የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,200 ሊትር ያወርዳል። የሚፈሰውንና የሚረጨውን ቀንሰህ 1,000 ሊትር ያዝ። ለውሃ ማጠራቀሚያ የሚገዛው ሮቶስ በምን ሊሞላ ነው? ዝናብ ከሌለ ሮቶም ባዶ ነው።

የአቃቂ ዋልካ
በክረምት ነዋ የሚሞላው፣ በሐምሌና በነሐሴ። የ40 ካሬ ቆርቆሮ ጣሪያ በእነዚያ ሁለት ወራት 5,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ያተርፋል። ክዳኑ ከተዘጋና ብርሃን ካላገኘ ውሃው አይጠነባም፣ አረንጓዴም አይሆንም። ጣሪያው ላይ የከረመው አቧራና ኩስ እንዳይገባ የመጀመሪያውን ዝናብ ወደ ውጭ ማፍሰስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጉድጓድ ቆፍሮ ጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ፣ ማንጠፍ ለብዙ ውሃ ርካሽ ነው፤ ካልተሸፈነ ግን አይጠቅምም። በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይተናል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው 150 ቀን 75 ሳንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው። 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ጉድጓድ ግማሹ ማለት ነው። ደግሞ አጥር ሳይታጠር እንዳይሠራ፣ ሕፃናት አሉ።

ሰብል ጥበቃ
ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ፦ እርጥበት። ላስቲክ ቤት በበልግ የሚበላሸው በአብዛኛው በዚህ ነው። ማታ ተዘግቶ ያደረ ቤት ውስጥ ማለዳ ግቡና ቀና ብላችሁ እዩ። የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ በጤዛ ተሞልቶ ጠብ ጠብ ይላል፤ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው። ዋግ (የቲማቲምና የድንች ቅጠል የሚያቃጥለው በሽታ) ደግሞ ቅጠል ለ10 ወይም ለ12 ሰዓት እርጥብ ሆኖ ከቆየና አየሩ ከቀዘቀዘ ሌላ አይፈልግም። መጀመሪያ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። በማለዳ ቅጠሉን ስትገለብጡት በነጠብጣቡ ዳር ዳር ስስ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ፤ ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል፣ ለዚህ ነው ረፋድ ላይ የሚመረምር ሰው የሚያልፈው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ውስጥ ማሳውን ያቃጥለዋል።

ስለዚህ ላስቲክ ቤት የሚሠራ ሰው ጎኑን ከመሬት 1 ሜትር ያህል የሚጠቀለል ያድርገው፤ ክፍተቱም በመረብ ይሸፈን። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይከፈት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ይዘጋ። ዳመና ቢሆንም ይከፈታል። "ይበርዳቸዋል" ተብሎ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የሚውል ቤት ከሜዳው ቀድሞ ይታመማል። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ከሥር ብቻ ይጠጣ።

የለገጣፎ ላስቲክ ቤት
ይህን እቀበላለሁ። ግን በሜዳ ላይ ዝናቡ ራሱ ቅጠሉን ያረጥበዋል እኮ!

ሰብል ጥበቃ
ያረጥበዋል፣ ንፋስና ፀሐይ ደግሞ በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል። በሜዳ ላይ ማንኮዜብ የሚባለው የዋግ መከላከያ መድኃኒት በሊትር ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ግራም፣ ማለትም ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ ከ32 እስከ 40 ግራም፣ በሽታው ከመታየቱ በፊት ይረጫል። ማንኮዜብ ይከላከላል እንጂ አያድንም፤ ነጠብጣቡ ከወጣ በኋላ የሚረጨው ያልተያዘውን ቅጠል ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሳይደርቅ ከዘነበበት ይታጠባል። ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን ቀን መያዣው ላይ ካለው ጽሑፍ አንብቡ፤ የሚበላው ሰው ነውና እዚህ ላይ ቸልታ አይገባም።

የሱሉልታ ደጋ
እኛ ጋ ክርክሩ ሌላ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ቲማቲምን በበልግ ሜዳ ላይ መትከል ተፈጥሮን መታገል ነው፤ ድጋፉም ሰውን ወደዚያ መግፋት የለበትም። ሀበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ቆስጣ 8 ዲግሪ ሌሊት አያስፈራቸውም። ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ ስለሚዘሩ የችግኝ ወጪ የለባቸውም። የሚጎዳቸው ዘሩ እስኪወጣ ባሉት ሁለት ሳምንታት አፈሩ ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ነው። ረድፉ ላይ ስስ ሣር አልብሶ ጠዋትና ማታ በወንፊት ማጠጫ ማርጠብ፣ ብቅ ሲል ሣሩን ማንሳት ነው። ይኸው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውሃ እንጂ ላስቲክ አይደለም።

የለገጣፎ ላስቲክ ቤት
እትዬ፣ ለሱሉልታ እሺ። ግን ገበያውንም እንይ። ክረምቱ ሲገባ ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ቲማቲም ይቀንሳል። የካቲት መጨረሻ የተተከለ ተክል በዚህ ቅዝቃዜ 90 ወይም 100 ቀን ስለሚፈጅ ልክ በዚያው ሰዓት፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይደርሳል። ሰኔ ላይ ሜዳ ላይ ያለ ቲማቲም ደግሞ በዝናብ ተሰነጣጥቆ ያልቃል። ጎመን ያንን ዋጋ አያመጣም።

የሰበታ ችግኝ
ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተዛባ ይመስለኛል። "ላስቲክ" ሲባል ሁሉም የሚያስበው ሰው ቆሞ የሚገባበትን ቤት ነው። የበልግ ኪሳራ የሚጀምረው ግን ችግኝ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ሁሉም ይተክላል፤ ዝናቡ ይቋረጣል፣ ያ ሁሉ ችግኝ ይደርቃል፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚተከል ችግኝ የለም። ይህን የሚፈታው 1 በ5 ሜትር የሆነ አንድ መደብ፣ ከላዩ በቀርከሃ ወይም በቀጭን ብረት ጎብጦ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ላስቲክ ነው። የትልቁን ቤት ወጪ ጥቂቱን ብቻ ይጠይቃል።

አሠራሩ፦ ዘሩን በአንድ ቀን አትጨርሱ። በሦስት ከፍላችሁ በየ15 ቀኑ ዝሩ፤ ጥር መጀመሪያ፣ ጥር አጋማሽና የካቲት መጀመሪያ። 1 ግራም ዘር 300 ፍሬ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ለ150 ተክል በየዙሩ 1 ግራም ይበቃል። ረድፉ በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። ሲበቅል በ3 ወይም በ4 ሳንቲ ሜትር ይሳሳ፤ ተጨናንቆ ያደገ ችግኝ አንገቱ ቀጥኖ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል እየበሰበሰ ይተኛል። እዚህ ደጋ ላይ ከ40 እስከ 45 ቀን ይፈጃል። ከመትከሉ 10 ቀን በፊት ላስቲኩ ቀስ በቀስ ይነሳ፣ ውሃውም ይቀነስ። ግንዱ እርሳስ ሲያክልና ወደ ሐምራዊ ሲያደላ ጠንክሯል ማለት ነው።

ለመትከል ደግሞ አንድ ጊዜ ስለዘነበ አትቸኩሉ። በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ካልዘነበ በልጉ ገና አልገባም በሉ። ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጦ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የ10 ቀን ትንበያም ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዙር ቢሞት ሁለተኛው አለ።

የአቃቂ ዋልካ
ይህን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በዋልካ መሬት ላይ ለምትተክሉ አንድ ልጨምር። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሥር ይበጥሳል፤ ሲዘንብ ደግሞ ውሃ ያቁራል። መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። በደረቁ ሰሞን 5 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ገለባ ጉዝጓዝ አንጥፉበት፣ ከግንዱ ትንሽ አርቃችሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን አንሱት፤ ቀንድ አውጣ ይራባበታል።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ ከፍሬው በታች በኩል ክብ ጥቁር ጠባሳ ይወጣል። ምን ይረጭበት?

ሰብል ጥበቃ
ምንም አይረጭበት። በሽታ አይደለም። ተክሉ አንዴ ተጠምቶ አንዴ ሲጥለቀለቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ በበቂ አይደርስም፤ ጫፉ ይሞታል። ውሃው ይስተካከል፦ ጣትህን 5 ሳንቲ ሜትር ክተት፣ እርጥበት ካልነካህ አጠጣ። ዩሪያም ቀንስ፣ ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛው። የሚሰነጠቀው ፍሬም ምክንያቱ ያው ነው፤ ደርቆ የከረመ ፍሬ ድንገት ሲጠጣ ልጡ አይችለውም። ከባድ ዝናብ ከመጣ ቀለም መቀየር የጀመረውን ቀድመህ ልቀም፣ ቤት ውስጥ ቀልቶ ይበስላል።

የአቃቂ ዋልካ
አያችሁ፣ ዞሮ ዞሮ ውሃ ላይ ነው የሚያርፈው። ዝም የተባለውንም ልናገር። ደረቁ ሰሞን ሲመጣ ሮቶ የሌለው ሰው ፓምፕ ተከራይቶ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው። ወንዙ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። በእሱ የበቀለ ሰላጣና ቆስጣ የከተማው ሰው ገበታ ላይ ይቀርባል። ጀርሙ በማጠብ ይቀንስ ይሆናል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባው ከባድ ብረት ግን በውሃም በኮምጣጤም አይወጣም። ከቲማቲም ፍሬ ይልቅ ቅጠላ ቅጠሉ ነው ብዙ የሚይዘው። ላስቲክ ቤት ሰጥተን ውሃ ካልሰጠን ሰውየውን ወደዚያ ወንዝ እየላክነው ነው። ድጋፉ የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ይህ መታሰብ አለበት።

የለገጣፎ ላስቲክ ቤት
ይህ ከብዶኛል፣ መልስ የለኝም። ቅደም ተከተሉን እንዲህ ልለውጥ፦ መጀመሪያ የችግኝ መደብና 5,000 ሊትር ሮቶ፣ ሮቶው 1 ሜትር ከፍ ብሎ በጠብታ መስኖ፣ ማጣሪያ ተገጥሞለት። ላስቲክ ቤቱ በሁለተኛው ዓመት፣ ከ2,400 ሜትር በታች ላሉት ብቻ፣ አሸንዳው ከሮቶው ጋር ተያይዞ። ያለ አሸንዳ ግን አይሰጥ።

የሱሉልታ ደጋ
ለኛስ በሁለተኛው ዓመት ምን ይሰጠን? "ከ2,400 በታች ብቻ" ሲባል እኛ ከድጋፉ ወጣን ማለት ነው።

የሰበታ ችግኝ
ሁለተኛ ሮቶ ይሰጣችሁ። 200 ካሬ ካሮት ከመብቀሉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በቀን 2 ሊትር ለካሬ ብትሉ እንኳ 5,600 ሊትር ይጠጣል። አንዱ ሮቶ አይበቃችሁም።

የሱሉልታ ደጋ
እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። በጽሑፍ ይቀመጥልን።